የሰባተኛው ብሎክ ወፎች

ኅዳር 12 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የጥቁር ውኃ ባሕር ዛፍ ተክል ዘበኛ አያ እሱባለው ከሚካኤል ቅዳሴ ሲመለሱ፣ ሰባተኛው ብሎክ ውስጥ ከቆመው የእሳት መጠበቂያ ማማ ሥር ሰው ተንጋሎ አዩ። የሰከረ መስሏቸው በትራቸውን እያስቀደሙ ተጠጉ። ጌታነህ ነበር። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፤ ከጭንቅላቱ በስተኋላ የፈሰሰው ደም እርጥቡን አፈር አጥቁሮታል።

ጌታነህን በእስቴ ገጠር የማያውቀው አልነበረም። የወገዳ ልጅ ነው፤ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ተክል ውስጥ ድንኳን ተክሎ ወፍ ሲቆጥር የኖረ ተመራማሪ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር። ኋላ ግን መንገድ ላይ ሲያገኙት «ዛሬስ ስንት ደረሱ?» ብለው የሚጠይቁት እነሱው ሆኑ።

የዞኑ ፖሊስ መርማሪ ኢንስፔክተር ብርቱካን ይበልጣል ከደብረ ታቦር ተነሥታ፣ በተጎዳው መንገድ ስትንገጫገጭ ቆይታ፣ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሳጅን አለበል አብሯት ነው። ብርቱካን አርባ ዓመቷ ነው፤ ስማዳ ውስጥ ከገበሬ ቤት የተወለደች፣ ጥቂት የምትናገር፣ አንዴ ከጠየቀች መልሱ እስኪያልቅ ከተቀመጠችበት የማትነቃነቅ ሴት ናት።

«ወድቆ ነው» አለ አለበል ማማውን ቀና ብሎ እያየ። ማማው በባሕር ዛፍ ግንድ የተሠራ፣ የሁለት ፎቅ ያህል ቁመት ያለው ነው። «መወጣጫው በዝናብ ርሷል። አንሸራቶት ይሆናል።»

«ይሆናል።»

ብርቱካን ግን ወደ ሬሳው ከመጠጋቷ በፊት ዙሪያውን አየች። ሰባተኛው ብሎክ እንደ አውድማ የተጠረገ ነው። ባሕር ዛፎቹ በመስመር ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ሣር የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፣ የወደቀ ቅጠል እንኳ የለ። ቀይ አፈር ብቻ። ከመንገዱ ማዶ ከፍ ብሎ የሚታየው ሦስተኛው ብሎክ ደግሞ ዛፉ ያው ባሕር ዛፍ ሆኖ፣ ከሥሩ አጋሙ፣ ቀጋው፣ ሣሩና አረሙ ሰውን እስከ ወገቡ ይውጣል።

«እስቲ ስማ፣ ሳጅን።»

አለበል አዳመጠ። «ምንም አልሰማም።»

«እዚህ ምንም የለም። ጫጫታው ሁሉ ከማዶ ነው።»

እውነቷን ነበር። ከሦስተኛው ብሎክ የወፍ ድምፅ ይመጣል፤ እነሱ በቆሙበት ግን ከነፋሱ በቀር ጸጥ ብሏል።

ከሟቹ አጠገብ ተንበረከከች። ልብሱ እስከ ውስጥ ካናቴራው ድረስ ርሷል። ያን ዕለት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተሩብ ያለ ወቅቱ ከባድ ዝናብ ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሬሳውን ቀስ ብለው ወደ ጎን ሲያዞሩት፣ የሹራቡ ጀርባ ከትከሻ እስከ ወገብ በጥቃቅን ጥቁር መርፌዎች ተሞልቷል።

«ይኼን ታውቀዋለህ?»

«ጭጎጎት ነው። ልብስ ላይ ተጣብቆ ሲያስለቅመን ነው ያደግነው።»

«እዚህ ብሎክ ውስጥ አንዲት እግር ጭጎጎት አሳየኝ።»

አለበል ዙሪያውን ቃኘ።

«ሱሪው ላይ ብቻ ቢሆን በሦስተኛው ብሎክ አልፎ መጣ እል ነበር» አለች። «ሰው ግን በጀርባው አይራመድም።»

ከዚያ ተነሥታ መሬቱን እያየች ከማማው ወደ መንገዱ ሄደች። ዝናብ የመታው አፈር የጠብታ ጠባሳ ይዟል። ከማማው እስከ መንገዱ ግን፣ የአንድ ሰው ትከሻ በሚያህል ስፋት፣ ጠብታው ጠፍቶ የመጥረጊያ ጭረት ብቻ ይታያል።

«ፎቶ አንሣው» አለች። «ለማንም አትንገር።»

አያ እሱባለውን ጋቢያቸውን አጣፍተው ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። የስልሳ ዓመት ሰው ናቸው።

«አያ እሱባለው፣ ይኼን ብሎክ የሚጠርገው ማነው?»

«ሠራተኞቹ ናቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን።»

«ዛሬስ?»

«በሚካኤል? ዛሬ መጥረጊያ የሚያነሣ ክርስቲያን የለም፣ እመቤቴ። ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። እኔም ከሌሊት ጀምሮ እዚያው ነበርሁ፤ የቅኔ መምህሩ የኔታም ሕዝቡም አይተውኛል።»

«ከጌታነህ ጋር የተቀያየመ ነበር?»

ሽማግሌው ከመመለሳቸው በፊት በትራቸውን አፈር ላይ አዟዟሩ። «ከሥራ አስኪያጁ ጋር ቁጥቋጦው ይመንጠር አይመንጠር በሚል ይነታረኩ ነበር። ሌላው... ከትናንት ወዲያ ከየኔታ ዘንድ ብዙ ቆይቶ ሲወጣ አየሁት። ሰላም ብለው አልሰማኝም። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

ሥራ አስኪያጁ አቶ ካሣሁን ቢሯቸው ውስጥ ቆመው ተቀበሏት። ወፍራም፣ ቁጡ፣ ግን ያን ዕለት ድምፃቸው የሰለለ ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም።

«በጣም አዝኛለሁ። እኔ መካነ ኢየሱስ ነበርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ተደውሎልኝ ነው የመጣሁት።»

«ከጌታነህ ጋር ስለ ምንጣሮ ትከራከሩ ነበር ይባላል።»

«ክርክር ሥራ ነው። እኔ ቁጥቋጦውን ማንሣት እፈልጋለሁ፤ በበጋ እሳት ያመጣል፣ ለቆረጣም አይመችም። እሱ ደግሞ ቁጥቋጦው ከሄደ ወፉ ይሄዳል ይል ነበር። እንዳይመነጠር ሲለምነኝ ‹ቁጥሩን አምጣ› አልኩት። ቁጥሩ መጣ።» ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት በግራ እጃቸው ገፉላት። «ይኸው። በተመነጠረውና ባልተመነጠረው ብሎክ መካከል የወፍ ልዩነት የለም ይላል። ሰኞ ስልሳ ሠራተኛ ገብቶ ሦስተኛውን ይመነጥራል፤ ቀጥሎም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ድንበር።»

«እዚህ ላይ የጌታነህ ፊርማ የለም።»

«ቁጥሩን ያስረከበኝ ጓደኛው ዘካርያስ ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ብዬ አልጠየቅኩም።»

ብርቱካን ወረቀቱን አጠፈችው። «አቶ ካሣሁን፣ ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ሰውየው ፊታቸው ተለዋወጠ። እጃቸውን ሲያወጡ ጥፍራቸው ሥር ቀይ ነገር ደርቋል። አለበል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ።

«ቀለም ነው» አሉ ካሣሁን ቶሎ ብለው። «ደም አይደለም። ቀለም ነው።»

«ለምን ዋሹኝ?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ከድንበሩ ላይ የሚቆረጡትን ዛፎች ምልክት ላደርግ መጥቼ ነበር። በሥራ ቀን ባደርገው ካህናቱ ይነሡብኛል። ሁሉም ቅዳሴ ላይ ሲሆን ልጨርስ አልኩ። በበዓል ቀን ተደብቄ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ስቀባ ተገኘሁ ብዬ እንዴት ልናገር? ዝናቡ እስኪያባራ የዘበኛው ጎጆ ውስጥ ቆየሁ፤ ከዚያ እስከ ሁለት ሰዓት ግድም ቀባሁ።»

«ያዩት ሰው አለ?»

«አላየሁም። ሰምቻለሁ። ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይሆናል፤ ከታች፣ ከሰባተኛው በኩል፣ የመጥረግ ድምፅ። ሴቶች ለማገዶ ቅጠል የሚጠርጉ መስሎኝ እንዳያዩኝ ጎንበስ አልኩ።»

ብርቱካን አለበልን ወደ ድንበሩ ላከችው። ሲመለስ ቀለሙ በእርጥብ ልጥ ላይ ተቀብቶ ወደ ታች መፍሰሱን ነገራት። ሰውየው ቢያንስ ስለ ቀለሙ አልዋሹም ማለት ነው።

ዘካርያስ ከሦስተኛው ብሎክ ጥግ በተተከለው ድንኳን ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከጌታነህ ጋር ወገዳ ውስጥ አጥር ለአጥር ያደጉ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸው። በጥር ወር ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ ሊሄድ ነው። ዓይኑ በለቅሶ ብዛት አብጧል።

«ከየት ልጀምር?» አለ።

«ከንጋት።»

«ሥራችን የተከፋፈለ ነው። እሱ ሦስተኛውን፣ እኔ ሰባተኛውን። ከ12 ተሩብ እስከ አንድ ሰዓት እዚያ ቆሜ ቆጠርኩ። ከዚያ ወደ ከተማ ወረድኩ፤ ስልኬን ቻርጅ የማደርግበት ቤት አለ። ጌታነህ ከእኔ በኋላ ወደ ማማው ሄዶ ይሆናል። ከላይ ሆኖ ማየት ይወድ ነበር።»

«የዛሬውን ወረቀትህን ላየው እችላለሁ?»

ከሳጥን አውጥቶ ሰጣት። በእርሳስ የተሞላ ቅጽ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የብሎክ ቁጥር፣ ከዚያ የወፎቹ ስም ዝርዝር። ዐሥራ አራት ዓይነት። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልተጣጠፈም።

«ዝናቡ አላስቸገረህም?»

«አስቸግሮኛል። ግን ለምደነዋል።»

«ጥላ ነበረህ?»

«የለኝም። ኮፍያ ብቻ።»

«ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው ብሎክ ውስጥ ገብተሃል?»

«አልገባሁም። ከድንኳን በቀጥታ በመንገዱ ወደ ሰባተኛው፣ ከዚያ ወደ ከተማ።»

ብርቱካን ራሷን ነቀነቀች። ከድንኳኑ ጀርባ በተወጠረው ገመድ ላይ አንድ ግራጫ ሹራብ ተሰጥቷል፤ ጫፉ ገና ይንጠባጠባል። ሌላ የታጠበ ልብስ የለም። አየችውና ስለሱ አልጠየቀችም። ወረቀቱን ብቻ ይዛ ተነሣች።

የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ከተክሉ በላይ፣ በጥንት ጽድና ወይራ መካከል ነው። የቅኔ መምህሩ የኔታ ወልደ ጊዮርጊስ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ብርቱካን መስቀላቸውን ተሳለመች።

«የኔታ፣ ጌታነህ ከትናንት ወዲያ ከእርስዎ ዘንድ ቆይቶ ነበር።»

«ቆይቷል።»

«ምን አስጨንቆት ነበር?»

«ልጄ፣ እኔ የነፍስ አባቱ ነኝ። የነገረኝን ብነግርሽ ይህን ቆብ ማውለቅ አለብኝ።»

«እርስዎን አላስገድድም። የሚችሉትን ብቻ ይንገሩኝ።»

«እኔ የመከርሁት ምክር ነው የሚቆጨኝ» አሉ ሽማግሌው። «ያጠፋን ሰው በአደባባይ ከማዋረድ በፊት ለብቻው ንገረው፣ ራሱ እንዲመለስ ቀን ስጠው አልሁት። ቀን ሰጠው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።» ከዚያ ከቀሚሳቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። «ይኼን ግን በንስሐ አልሰጠኝም፤ በአደራ ነው። ‹አንድ ነገር ብሆን ለሚመለከተው ስጡልኝ› ብሎኛል። የሚመለከተው አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም።»

ደብተሩ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ገጽ ተጽፎበታል። በእያንዳንዱ ላይ ቀን፣ «ሰባተኛ ብሎክ» የሚል ርእስ፣ ከሥሩም የወፍ ስም፦ ሁለት ዓይነት፣ ሦስት ዓይነት፣ አንድ ቀን ምንም። ከአራት ያለፈ አልነበረም። ብርቱካን ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች፤ ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ያለችውን አጭር መስመር ስታነብ ከንፈሯን ነከሰች። ደብተሩን ዘግታ ኪሷ ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ ከአለበል ጋር ሦስተኛውን ብሎክ ገብተው እርምጃ በእርምጃ ፈተሹ። ከድንኳኑ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ጭጎጎቱ በሰው ቁመት ልክ ተኝቶ አገኙት። ከአጠገቡ ከቀጋ ሥር ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ነበር፤ አለበል በእንጨት ሲገለብጠው ደምና ፀጉር ተጣብቆበታል። ከዚያ ቦታ ወደ ታች፣ ወደ ሰባተኛው፣ ቁልቁለት ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ብርቱካን አያ እሱባለውን አስጠርታ የዘካርያስን ወረቀት አነበበችላቸው፤ የማን እንደሆነ ግን አልነገረቻቸውም።

«ድንቢጥ፣ ስድስት። ዋኔ፣ አራት። ግንደ ቆርቁር፣ አንድ። ቆቅ፣ ሦስት...»

«ይኼ የሦስተኛው ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ሰባተኛ ተብሎ ነው የተጻፈው።»

«ማን ነው የጻፈው? ቆቅ ሰባተኛው ውስጥ ምን ትሠራለች? የምትጭረው ቅጠል የላት፣ የምትሸሸግበት ሣር የላት። ጭልፊት እስኪያነሣት ሜዳ ላይ ትቁም? ያኛው ከተመነጠረ ወዲህ እዚያ ቆቅ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም።»

«በዝናብስ?»

«በዛሬው ዝናብ? እንኳን ወፍ ላም አልተንቀሳቀሰችም።»

ያን ሌሊት አለበል ከድንኳኑ አጠገብ ቆሞ አደረ፤ ለዘካርያስ «ለጥበቃህ ነው» ተብሎ ተነገረው።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በተክሉ የዕቃ መጋዘን ተሰበሰቡ። ካሣሁን እጃቸውን አጣምረው ግድግዳ ተደግፈዋል። አያ እሱባለው ከበሩ አጠገብ፣ የኔታ በአግዳሚው ላይ፣ ዘካርያስ ከእሳቸው ቀጥሎ ተቀምጧል። ብርቱካን መሐል ቆመች። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አለ።

«ጌታነህ ከማማ አልወደቀም» አለች። «የሞተው ሦስተኛው ብሎክ ውስጥ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጭጎጎት ሰባተኛው ውስጥ አይበቅልም። ድንጋዩንም እዚያው አግኝተነዋል። የገደለው ሰው ወደ ታች ጎትቶ ከማማው ሥር አስተኛው፤ በዚህ ተክል ውስጥ ሰው ወድቆ ሊሞትበት የሚችል ነገር ያ ማማ ብቻ ነው። የጎተተበትን ደግሞ ጠረገው። ዝናብ የመታውን አፈር ስለጠረገ፣ ነገሩ የሆነው ከአንድ ሰዓት ተሩብ በኋላ ነው። አቶ ካሣሁን ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ጠረጋውን ሰምተዋል።»

«እኔ ሰማሁ እንጂ...» ሲሉ ካሣሁን ጀመሩ።

«እርስዎን መጀመሪያ ጠርጥሬ ነበር። ዋሽተውኛል፤ ምንጣሮውንም ይፈልጋሉ። ግን የሚፈልጉትን ቁጥር አግኝተዋል። ሰኞ ሥራው ይጀመራል። ጌታነህ ቢቃወም ከሪፖርቱ በላይ የሚሰማው አልነበረም፤ ስለ ደብተሩ ደግሞ አያውቁም። አያ እሱባለውና የኔታ ከሌሊት ጀምሮ በሕዝብ ፊት ነበሩ።»

ዘካርያስ ወደ መሬት ያያል።

«አሁን ወደ ጌታነህ ልብስ ልመለስ» አለች። «እስከ ካናቴራው ርሷል። ሦስተኛውን እየቆጠረ ቢሆን ድንኳኑ እዚያው ነው፤ ሮጦ ይገባ ነበር። ይህ ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ መሸሸጊያ የሌለበት ቦታ ላይ ቆሟል። የት? ደብተሩ ይነግረናል። ደብተሩን በአደራ እስኪሰጥ ድረስ ዐሥራ ሁለት ጠዋት ሰባተኛው ብሎክ ውስጥ ቆሞ ሲቆጥር ነበር። በድብቅ። ለምን? ሰባተኛውን የሚቆጥር ሌላ ሰው አለ።»

ወረቀቱን ከኪሷ አውጥታ ከፍ አደረገችው።

«ዘካርያስ፣ ይኼ የትናንቱ ወረቀትህ ነው። ከ12 ተሩብ እስከ አንድ ሰዓት፣ በዚያ ዝናብ፣ ያለ ጥላ ቆመህ በእርሳስ የጻፍከው። አንድ ጠብታ አልነካውም።»

«ከላስቲክ ሥር ይዤው ነበር።»

«ሦስት ቆቅ የት አየህ?»

«ሰባተኛው ውስጥ።»

አያ እሱባለው ከበሩ አጠገብ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም ልጄ» አሉ በለሆሳስ። «እዚያ ቆቅ የለም።»

«አንተ ሰባተኛው ውስጥ አልነበርክም» አለች ብርቱካን። «ድንኳንህ ሦስተኛው ጥግ ነው። ብርድ ልብስህ ውስጥ ተኝተህ በየማለዳው የምትሰማውን ወፍ በሰባተኛው ስም ስትጽፍ ኖረሃል። ትናንት ደግሞ በዝናብ የምትሰማውም አልነበረም፤ ከቀድሞው ገለበጥክ። ለዚህ ነው ሁለቱ ብሎኮች እኩል የወጡት። ጌታነህ ይህን ሲጠረጥር ራሱ እየሄደ ቆመ። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ‹ዘካርያስ ዛሬም አልመጣም› ብሎ ጽፏል።»

«ይኼ ውሸታም ያደርገኝ ይሆናል» አለ ዘካርያስ፤ ድምፁ ደርቋል። «ገዳይ አያደርገኝም።»

ብርቱካን ጨርቁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችው። ግራጫው ሹራብ ነበር።

«ትናንት በበዓል ቀን፣ ደመናው ሳይገፈፍ፣ ሹራብ ያጠበ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ደሙ ለቋል። ጭጎጎት ግን በውኃ አይለቅም። ሦስተኛው ብሎክ አልገባሁም ብለሃል፤ ይኼ ከየት መጣ? ደግሞ የት እንዳለ እየው። ሰው በቁጥቋጦ ውስጥ ሲሄድ እግሩ ላይ ነው የሚይዘው። ያንተ ደረትህ ላይና በክንድህ ውስጠኛ በኩል ነው። ሰውን ከኋላው በብብቱ አቅፈህ ስትጎትት፣ የዚያ ሰው ጀርባ ደረትህ ላይ ያርፋል። የጌታነህ ጀርባ ያንተ ደረት ላይ ነው ያረፈው።»

ዘካርያስ ሹራቡን አየ። ብዙ አየው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«መጀመሪያ የዋሸሁ ቀን አሞኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እውነቴን ነው፤ ትኩሳት ነበረኝ። ነገ አሟላዋለሁ ብዬ ሞላሁት። በማግስቱ ሄድኩ፤ አርባ አምስት ደቂቃ ብርድ ላይ ቆሜ ሁለት ድንቢጥና አንድ ቁራ ይዤ ተመለስኩ። ባዶ መሬት ላይ ቆሞ ባዶ ወረቀት ይዞ መመለስ... ሰለቸኝ። ከዚያ ቀረሁ። ማንንም ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ወፍ ነው ብዬ።»

«ጌታነህ ምን አለህ?»

«እስከ ሚካኤል ድረስ ራስህ ተናገር አለኝ። አብሬህ እቆማለሁ፣ ትምህርትህ ቢዘገይም ሌላ ጊዜ ታገኛለህ አለኝ። እሺ አልኩት። ትናንት ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ውኃ እየተንጠባጠበበት መጣ፤ እኔ ተኝቼ አገኘኝ። አልተቆጣም። ‹አሁን ለካሣሁን ልነግር ነው፣ ሰኞ ሳይደርስ› ብሎ ዞረ። ከኋላው ተከተልኩት። ጥር እስኪያልፍ፣ እስክሄድ ብቻ ዝም በለኝ ብዬ ለመንኩት። ደኑ ከተመነጠረ በኋላ ማን ይመልሰዋል አለኝና መንገዱን ቀጠለ። ድንጋዩን መቼ እንዳነሣሁት አላውቅም።»

ካሣሁን ከግድግዳው ተላቀቁ። ስልካቸውን አውጥተው ወደ ፎርማኑ ደወሉ። «ሰኞ የሚመጣ ሰው የለም» አሉ። «አዎ፣ ሁሉም። ለሁሉም ንገራቸው።»

አለበል ካቴናውን ከማጥለቁ በፊት፣ ብርቱካን ከድንኳኑ ያስመጣችውን የቅጽ ሳጥን ከዘካርያስ ፊት አኖረችው። «የትኛው እውነት፣ የትኛው ውሸት እንደሆነ ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም» አለችው።

ዘካርያስ ቁጭ ብሎ መለየት ጀመረ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት። ማንም አላናገረውም። ሁለት መቶ ከሚያህለው ወረቀት የሰባተኛው ብሎክ እውነተኛ ቆጠራ ዘጠኝ ሆኖ ተገኘ። ዘጠኙንም ለብቻ አድርጎ፣ ከጌታነህ ደብተር ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ለመነ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አለበል እስረኛውን ይዞ ወደ መካነ ኢየሱስ ሲወርድ፣ ብርቱካን በሌላ መኪና ወደ ወገዳ ሄደች። ለወረዳው ፖሊስ በስልክ መንገር ትችል ነበር፤ ግን ሁለቱ ሰዎች አጥር ለአጥር ያደጉ መሆናቸው ከአእምሮዋ አልወጣ አለ።

የለቅሶው ድንኳን ከጌታነህ እናት ደጅ ተተክሏል። ሬሳው ከምርመራ ተመልሶ ያን ጠዋት ተቀብሯል። እናትየው መሐል ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ድምፅ ሳያሰሙ ይወዛወዛሉ። ከጎናቸው ሌላ ሴት በሁለት እጃቸው ደግፈው ይዘዋቸዋል፤ ውኃ ያቀምሷቸዋል፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉላቸዋል።

ብርቱካን ቆባቸውን ያወለቁ ወንዶችን አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። የደንብ ልብሷን ያየ ሁሉ መንገድ ለቀቀላት።

ደግፈው የያዟቸው ሴት ቀና አሉ። «ከእስቴ ነው የመጣሽው፣ እመቤቴ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«የኔስ ልጅ? ዘካርያስ? ጓደኛው ሲቀበር የት ቀረ? ከትናንት ጀምሮ ስልኩ አይሠራም። እሱም አንድ ነገር ሆኖ ነው እንዴ?»

ብርቱካን በመንገድ ላይ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር። አሁን አንዱም አልመጣላትም። የጌታነህ እናት ፊታቸውን አዙረው እሷን ማየት ጀምረዋል። ብርቱካን ጎንበስ ብላ የዘካርያስን እናት እጅ ያዘች፤ እጃቸው ከወዳጃቸው ትከሻ ላይ እስኪነሣ ጠበቀች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ደግፋ አስነሣቻቸውና ከለቅሶው ድንኳን ይዛቸው ወጣች።